የአምሐ ቀይ ካርድና የፕሌዘንተኑ ማኅተም

የምሥራቅና የደቡብ ቤይ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር
የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቦታ፦ ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና፣ የአቶ ገዛኸኝ የታክስ ቢሮ፣ የኋላው ክፍል

ሰዓት፦ በሀገራችን አቆጣጠር ለ8፡00 ተጠርቶ 9፡10 ላይ ተጀመረ። አስቸኳይ ስለሆነ ነው እንጂ እንደ ወትሮው ቢሆን 9፡40 ነበር።

የተገኙ አባላት፦

1. አቶ ክንፉ፣ ሊቀ መንበር፤ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የመረብ ኳስ ዳኛ የነበሩ
2. አቶ ገዛኸኝ፣ የሥነ ሥርዓት ኃላፊ፤ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ በቃላቸው የያዙ፣ ሌላ ያነበበው ስለሌለም ተሳስተው የማያውቁ
3. ወ/ሮ ሮማነወርቅ፣ ገንዘብ ያዥ፤ ሳን ሆዜ አረጋውያን የሚንከባከቡ
4. ደግነት፣ የወጣቶች ተጠሪ፤ የሳንታ ክላራ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ዕድሜው 38
5. ሰረቀብርሃን፣ ጸሐፊ

ጥሪ የተደረገለት፦ አምሐ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው

ያልተገኙ፦ አቶ ጌታቸው፣ የቀድሞ ሊቀ መንበር፣ ነዋሪነታቸው ፕሌዘንተን። ከሁለት ዓመት በፊት ከሥልጣን ስለ ወረዱ አልተጠሩም።

አምስቱም አባላት በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ወንበሩም አምስት ስለሆነና አምሐን የሚችል ወንበር ስላልተገኘ፣ አምሐ ቆሞ እንዲሳተፍ ተፈቅዶለታል።

አጀንዳ 1፦ የአምሐን ጉዳይ መስማት

ሊቀ መንበሩ አምሐን ሁላችንም እንደምናውቀው ከገለጹ በኋላ ማን እንደሆነ ጠየቁት። አምሐ ጉለሌ ተወልዶ በአሥር ዓመቱ ከእናቱ ጋር በዲቪ ኦክላንድ እንደ ገባ፣ አሁን ሠላሳ አንድ ዓመት እንደ ሞላው፣ ለአሜሪካ ብሔራዊ የራግቢ ቡድን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ እንደ ተሰለፈ አስረዳ። አቶ ገዛኸኝ ልጁ የአሜሪካን ፉትቦል የሚጫወት መስሏቸው እናቱን ለዘጠኝ ዓመት “ቪላውን መቼ ነው የሚገዛልሽ?” እያሉ ሲጠይቁ መኖራቸውን ተናግረው፣ ስሕተታቸው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ጠየቁ። ተይዟል። አምሐ ራግቢ ቪላ እንደማያስገዛ፣ እሱም በሥራ ቀን ሳንታ ክላራ በአንድ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ውስጥ እንደሚሠራ ገለጸ።

ስለ ጨዋታው ማብራሪያ ተጠየቀ። አምሐ የሱ ቦታ ስክረም የሚባለው ላይ መሆኑን፣ ስክረም ማለትም ስምንት ሰው ከስምንት ሰው ጋር አንገት ለአንገት ገጥሞ የሚገፋፋበት፣ አብዛኛውን ጊዜም ማንም ወዴትም የማይሄድበት ሁኔታ መሆኑን አስረዳ። አቶ ገዛኸኝ ገባኝ፣ ኮሚቴ ነው አሉ። አምሐ አክሎ ኳሱን ወደ ፊት ለመውሰድ ለጓደኛ ወደ ኋላ ማቀበል ግዴታ መሆኑን ሲናገር፣ ሊቀ መንበሩ ይህ ማኅበር ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሠራበት የኖረ ስልት መሆኑን በአድናቆት ገለጹ።

ከዚህ በኋላ ወደ ቀይ ካርዱ ተገባ። ባለፈው ሳምንት ከካናዳ ጋር በተደረገው ግጥሚያ አምሐ አንድ ተጫዋች ሲይዝ ትከሻው ከተጫዋቹ ራስ ጋር ተጋጭቷል።

“ሌት ነበርኩ ጋሼ፣ ዘገየሁ” አለ አምሐ። “ዝቅ ማለት ነበረብኝ። ማይ ፎልት ነው።”

የዲሲፕሊን ጉባኤው ሰኞ ይቀመጣል። ስድስት ሳምንት ከቀጡት የነሐሴ ጨዋታዎች ያልፉታል፣ ለዓለም ዋንጫ የሚሄደው ቡድንም ያለ እሱ ይመረጣል። በዚህ ዕድሜ ሌላ ዓለም ዋንጫ ይኖረው እንደሆነ ሲጠየቅ “ደን ነኝ በቃ፣ አለቀልኝ” ብሎ መልሷል። ጉባኤው ግን ከሜዳ ውጭ የሚያውቁት ሰዎች ስለ ጠባዩ የሚመሰክሩበት ደብዳቤ ካቀረበ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ደብዳቤው እስከ ዛሬ 11፡00 ሰዓት ድረስ በኢሜይል መድረስ አለበት።

“ዋን ፔጅ ብቻ ጋሼ” ሲል ጠየቀ። “ሃፍ ፔጅም ይሆናል።”

አጀንዳ 2፦ ደብዳቤ ስለ መጻፍ

ደግነት ደብዳቤውን በስድስት ደቂቃ ጽፎ አነበበ። በ9፡52 በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ይህ በማኅበሩ ታሪክ ፈጣኑ ውሳኔ በመሆኑ አባላቱ ተሸማቀው እርስ በርስ ተያዩ።

ደግነት ሊልከው ሲል አቶ ገዛኸኝ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሡ። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ወረቀት እንጂ ደብዳቤ እንዳልሆነ አሳሰቡ። ደግነት በኢሜይል የሚላክ ነገር ማኅተም እንደማያስፈልገው፣ ፈረንጆቹም ማኅተም ምን እንደሆነ እንደማያውቁ ተናገረ። አቶ ገዛኸኝ የማያውቁት ስላልተመታላቸው ነው ሲሉ መለሱ። ሊቀ መንበሩ በአንድ ወቅት ማኅተሙ የደበዘዘ መሸኛ ይዘው ጎንደር ላይ አሥራ አንድ ቀን መታገዳቸውን በሰፊው ተረኩ። ከረጅም ውይይት በኋላ ደብዳቤው ያለ ማኅተም እንዳይወጣ በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ወ/ሮ ሮማነወርቅና ደግነት ተቃውመዋል።

ወ/ሮ ሮማነወርቅ ማኅተሙ የት እንዳለ ጠየቁ።

ማኅተሙ አቶ ጌታቸው ዘንድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የማኅበሩ ሽርሽር ኦክላንድ ይሁን ሳን ሆዜ በሚል በተነሣው ጠብ ምክንያት ሲሻሩ፣ ማኅተሙን ኪሳቸው ከተው “ማኅበሩ ይኸው፣ እኔ ጋ ነው” ብለው ወደ ፕሌዘንተን ሄደዋል።

ሊቀ መንበሩ ሦስት ጊዜ ደወሉላቸው። አልተነሣም። አምሐ በራሱ ስልክ ሲደውል በመጀመሪያው ጥሪ ተነሣ።

“ወዬ የኔ ጎበዝ፣ ተጎዳህ እንዴ?”

“ኖ፣ ደህና ነኝ ጋሼ። ማኅተሙን ኒድ አድርገነው ነው።”

“አድርገነው? ከእነማን ጋር ሆነህ ነው?”

አምሐ ዙሪያውን ተመለከተ። “ከኮሚቴው ጋር።”

“ለአንተ ከሆነ አሁኑኑ መኪና አስነሣለሁ። ለእነሱ ከሆነ ሽማግሌ ይላኩ።”

አቶ ክንፉና አቶ ገዛኸኝ በሽምግልና ተመረጡ። አንደኛው በአቶ ጌታቸው ወንበር የተቀመጡ፣ ሁለተኛው እንዲሻሩ ሐሳቡን ያቀረቡ ስለሆኑ ጉዳዩን ከማንም በላይ እንደሚያውቁት ታምኗል። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ስፒከር ተደርጎ ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ፊቱ ቆሙ፤ አቶ ገዛኸኝ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሽምግልናው አሥራ አራት ደቂቃ ፈጀ፣ አሥራ አንዱ ስለ ሽርሽሩ ነበር። አቶ ጌታቸው 10፡12 ላይ ለመነሣት ተስማሙ።

አጀንዳ 2 (የቀጠለ)፦ ማኅተሙ እስኪመጣ

ጊዜው እንዳይባክን የቀይ ካርዱ ቪዲዮ አራት ጊዜ ታየ። ሊቀ መንበሩ በመረብ ኳስ ቢሆን ይህ ጥፋት በመረቡ ምክንያት ሊደርስ እንደማይችል አብራርተው፣ ራግቢ ሜዳ መካከል መረብ እንዲዘረጋ ለዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረቡ። በሦስት ድምፅ አለፈ። መረቡ ከተዘረጋ በኋላ ኳሱን ማን ወደ ማን እንደሚወስደው ለባለሙያ ተትቷል።

አቶ ገዛኸኝ ዋናው ነገር እርቅ መሆኑን አስገንዝበው፣ ሦስት ሽማግሌዎች በመኪና ቫንኩቨር ሄደው ተበዳዩን ካናዳዊ እቤቱ እንዲያነጋግሩ ጠየቁ። አምሐ በዚያኑ ዕለት መልበሻ ክፍል ድረስ ሄዶ ይቅርታ እንደ ጠየቀ፣ አሁንም በቴክስት እንደሚጻጻፉ፣ ልጁም እንደ ተሻለው ገለጸ። አቶ ገዛኸኝ ያለ ሽማግሌ የታረቀ ሰው እንዳልታረቀ ይቆጠራል ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። ሊቀ መንበሩ ግሪን ካርዳቸው እድሳት ላይ ስለሆነ ድንበር መሻገር እንደማይችሉ አሳወቁ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በወዲህ በኩል እንዲቆሙ፣ ተበዳዩም እስከ ድንበሩ እንዲመጣ ተወሰነ። መጥቶ ካልተገኘ ጥፋቱ የሱ ይሆናል።

ወ/ሮ ሮማነወርቅ 10፡30 ላይ “እናንተ ቀጥሉ፣ እኔ የመኪና ማቆሚያውን ሜትር ልይ” ብለው ወጥተው 10፡43 ተመለሱ። በሌሉበት የአምሐ ጆሮ ለምን እንደዚያ እንዳበጠ ውይይት ተደርጎ፣ ከመሬት ጋር በተደጋጋሚ ከመገናኘት መሆኑ ታውቋል።

አቶ ጌታቸው 10፡49 ላይ ማኅተሙን በነጭ ካልሲ ጠቅልለው ገቡ። ከአምሐ ጋር ተቃቀፉ። ለኮሚቴው በአጠቃላይ ሰላምታ ሰጡ። ካልሲውን ከመፍታታቸው በፊት አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፦ ማኅተሙ በሌለበት በእነዚህ ሁለት ዓመታት የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ደግነት “ጋሽ ጌታቸው፣ የፈለጉትን፣ ብቻ ይምቱት” አለ። ሰዓቱ ስለ ገፋ በ10፡54 በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በዚህም መሠረት የአቶ ክንፉ ሊቀ መንበርነት፣ የአቶ ጌታቸው መሻርና የዚህ ጸሐፊ ሹመት ተሽረዋል። ከዚህ መስመር በኋላ ያለውን የሚጽፈው በአጋጣሚ እስክሪብቶ የያዘ ሰው ነው።

ማኅተሙ ቀለሙ ስለ ደረቀ ውኃ ጠብ ተደርጎለት 10፡57 ላይ ተመታ። ደግነት ፎቶ አንሥቶ ሊልክ ጣቱን ሲያነሣ አቶ ገዛኸኝ ላፕቶፑን በእርጋታ ዘጉት። ደብዳቤው የጸደቀው በ9፡52፣ ማኅተሙ በሌለበት ስለሆነ አሁን በወጣው ውሳኔ መሠረት ፈርሷል አሉ። እንደገና ይጽደቅ ተባለ። ለማጽደቅ ሊቀ መንበር ያስፈልጋል ተባለ። ሊቀ መንበሩ አቶ ጌታቸው ናቸው ተባለ። አቶ ጌታቸው ለአምሐ ሲሉ አሁኑኑ ለማጽደቅ ዝግጁ መሆናቸውን፣ ነገር ግን አጀንዳው በቀድሞው ኮሚቴ የተያዘ በመሆኑ እንደ አዲስ መያዝ እንዳለበት ገለጹ። ይህ ሲያዝ 11፡04 ሆነ።

ደግነት ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ቆየ። አቶ ጌታቸው ሰዓታቸውን አይተው ካልሲውን መልሰው ጠቀለሉ። አቶ ገዛኸኝ ደንቡ የሳቸው ሥራ እንዳልሆነ ተናገሩ፤ ማንም ነው አላላቸውም።

“ኢትስ ኦኬ” አለ አምሐ። “ሞክራችኋል። ሪሊ አመሰግናለሁ።” ከዚያ የወ/ሮ ሮማነወርቅን ወንበር ጀርባ ይዞ እስኪነሡ ጠበቀ። እሳቸው ግን አልተነሡም።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ወ/ሮ ሮማነወርቅ ሜትር ለማየት ሲወጡ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው በራሳቸው ስም ለጉባኤው ኢሜይል መላካቸውን፣ 10፡49 ላይም “ደርሶናል” የሚል መልስ መምጣቱን አሳወቁ። አቶ ገዛኸኝ ጽሑፉ እንዲነበብ ጠየቁ። ወ/ሮ ሮማነወርቅ በእንግሊዝኛ የጻፉትን ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡ፦

“አምሐን ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ሲተኛ፣ እሑድ እሑድ ሳን ሆዜ ድረስ እየመጣ አንሥቶ ያጥበው ነበር። እኔ ሥራዬ ሰው ማንሣት ነው፤ እኔ ሳነሣው ባለቤቴ ያቃስት ነበር፣ እሱ ሲያነሣው ግን አያቃስትም። አንድ ቀን የሰው ራስ ከገጨ፣ እሱ ራሱ ከሁላችሁ በላይ አዝኗል። ይጫወት።”

አምሐ ወደ ግድግዳው ዞሮ የታክስ ማስታወቂያውን ለረጅም ጊዜ አነበበ። አቶ ጌታቸው ጽሑፉ ጥሩ ሆኖ ሳለ የማኅበሩ ባለሥልጣን ያለ ማኅተምና ያለ ፈቃድ የጻፈው በመሆኑ ዝም ሊባል እንደማይችል ገለጹ። ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል፦

1. ስለ ደብዳቤው፣ ስለ መረቡና ስለ ድንበሩ እርቅ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል።
2. ማኅተሙ በሌለበት የተወሰነው ሁሉ ይሻር የሚለው ውሳኔም፣ ሲጸድቅ ማኅተሙ ገና ካልሲ ውስጥ ስለነበረ ተሽሯል። ሊቀ መንበሩ ማን እንደሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል፤ ስብሰባውን የሚጠራው ሊቀ መንበሩ ነው።
3. የወ/ሮ ሮማነወርቅ ኢሜይል ተሽሯል፤ ከጉባኤውም እጅ ተመልሶ ይምጣ። ኢሜይል እንዴት ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያውቅ ስላልተገኘ ጉዳዩ ለንዑስ ኮሚቴ ተመርቷል። የንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ብቸኛ አባል ወ/ሮ ሮማነወርቅ ናቸው። ሥራውን መቼ እንደሚጀምሩ ሲጠየቁ “ከዓለም ዋንጫው በኋላ” ብለዋል። የተቃወመ የለም።

ስብሰባው 11፡35 ላይ ተበተነ።