ሄዳ የምትመለሰው ጸጉር ሠሪያችን

በየሰፈሩ ገላው እዚህ ተቀምጦ ልቡ ሌላ አገር የሚውል አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለቶንግዮንግ ወደብ ሰዎች የደረሰችን ክብርት ወይዘሮ ኦክሚ ናት፤ ችግሩ እጇ ላይ መቀስ መኖሩ ነው።

ጸጉር እየቆረጠች በመስኮት አንዲት ጀልባ ካየች አለቀልን። አብራ ትሳፈራለች፤ መቀሱ ግን እኛው ራስ ላይ ይቀራል። ዓሣ ሻጯ ሱንዶክ ለልጇ ሠርግ ልትዋብ ገብታ፣ አንድ ጆሮዋ ተሸፍኖ አንዱ ተራቁቶ ወጣች።

"አንቺ ሴትዮ፣ የት ነበርሽ?" ብላ ጮኸችባት።

"ይቅርታ እትዬ፣ ሄጄ ነበር" አለች ኦክሚ።

ይህችን መልስ ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ያውቃታል። እኔም ስንቴ ተቆጥቼ፣ "ሁለተኛ እዚህ ብደርስ!" ብዬ ዝቼ፣ ተመልሼ እዚያው ወንበር ላይ ተገኝቻለሁ። ሌላ ቤት የሚቆርጡት ጸጉር ብቻ ነው፤ እሷ የት ደርሳ እንደመጣች ታወራልናለች።

ባለፈው መኸር መረብ ጠጋኙ ቺልሶንግ እናቱን ይዞ መጣ። እማማ ቡንሱን እርጅና ትዝታቸውን በልቶባቸዋል። ባላቸውን ባሕር ከወሰዳቸው ዘመን አልፏል፤ እሳቸው ግን "አባትህስ?" ማለት አይተዉም። ቺልሶንግ መዋሸት አይሆንለትም። "እማዬ፣ አባዬ ሞቷል" ይላቸዋል፤ እሳቸውም በጠየቁ ቁጥር መርዶውን ገና እንደሰሙ ሆነው ያለቅሳሉ።

ያን ቀንም ወንበሩ ላይ እንዳሉ "ባሌን አይታችሁታል?" አሉን። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ቺልሶንግ አፉን ሊከፍት ሲል ኦክሚ መቀሱን አስቀምጣ ቀደመችው።

"ጄጁ ደሴት ናቸው እማማ። ነፋሱ አላስወጣ ብሏቸው።"

"የት አርፎ?"

"አንዲት ባልቴት ቤት።"

"ባልቴት?" እማማ ቡንሱን ቀና አሉ። "ቆንጆ ናት?"

"ኧረ ጥርስ የላትም! ሾርባዋም ጨው የለው፤ እሳቸው እያጉረመረሙ ነው የሚጠጡት።"

"እሱ መቼ ጨው ይበቃዋል!" ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ቺልሶንግ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ ሲለዋወጥ አይቼ፣ አሁን ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። ቀስ ብሎ ወደ ኦክሚ ተጠጋ።

"አባዬ... ደህና ነው?" አላት።

ኦክሚ ዞር ብላ ትክ ብላ አየችው።

"ደህና ናቸው" አለችው፤ "ትንሽ ከስተዋል እንጂ።"