ፈተና አለብን

ሰው ለእውቀት ሲል ከከፈላቸው መሥዋዕትነቶች መካከል የአንድ መሥሪያ ቤት የእቅድና ክትትል ኃላፊ የከፈሉት እስከ ዛሬ ተገቢውን እውቅና ሳያገኝ መቅረቱ የሚያስቆጭ ነው። ይህ ጽሑፍ ያን ጉድለት በመጠኑም ቢሆን ለማረም ተዘጋጅቷል።

ነገሩ የጀመረው የኃላፊው አንድያ ልጅ «የቅድመ ዩኒቨርሲቲ ልዩ ዲፕሎማ» ወደሚባለው ፕሮግራም የገባች ዕለት ነው። ፕሮግራሙ ጎበዝ ተማሪ ብቻ አይበቃውም፤ የሚፈልገው ማንም ሳይገፋው በራሱ ተነሳሽነት የሚማር ልጅ ነው። ከባድ ከባድ ትምህርቶች አሉት። የማኅበረሰብ አገልግሎት አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተማሪው ራሱ መርጦ፣ ራሱ መርምሮ፣ ራሱ ጽፎ፣ በመጨረሻ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሞ የሚያቀርበው ረጅም ጥናት አለው። ይህን የጨረሰ ልጅ የትም ዩኒቨርሲቲ ቢሄድ በደስታ ይቀበሉታል ይባላል።

ኃላፊው ዜናውን ሲሰሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉና፣ «አለፍን!» አሉ።

«እነማን?» አለች ባለቤታቸው። ነርስ ናት፤ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

«እኛ ነና! ሌላ ማን አለ?»

በዚያው ሳምንት «የዲፕሎማ ማስፈጸሚያ ዐቢይ ኮሚቴ» ሳሎን ውስጥ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ኃላፊው ሆኑ። ባለቤታቸው ጸሐፊ ሆና ተመረጠች፤ አብዛኛውን ስብሰባ ያሳለፈችው ግን ሶፋው ላይ በማንጎላጀት ነው። ልጅቱ «የሚመለከታት አካል» ተባለች። ድምፅ የላትም፤ አስተያየት ግን በጽሑፍ ማቅረብ ትችላለች።

አትሳቁ። እኛም ቤት ያለው ጉድ ከዚህ አይሻልም፤ እሳቸው ቢያንስ ቃለ ጉባኤ ነበራቸው። ደግሞም ሰውየው ክፉ ሆነው አይደለም። በወጣትነታቸው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን ለጥቂት ወድቀው፣ በማታ ትምህርት ተፍጨርጭረው እዚህ የደረሱ ሰው ናቸው። የልጃቸው መውደቅ በእንቅልፋቸው ሳይቀር ይታያቸዋል። ልጃቸውን በጣም ይወዷታል። በጣም ስለሚወዷትም ትምህርቱን ጨርሶ እንድትነካው አልፈለጉም።

በመጀመሪያው የወላጆችና የተማሪዎች ስብሰባ ላይ የፕሮግራሙ አስተባባሪ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ቀጭን ሴት፣ እንዲህ አለች፦

«አንድ ነገር ብቻ አደራ። ጥናቱ የልጁ መሆን አለበት። ወላጅ እጁን ያስገባበት ሥራ ከተገኘ ተማሪው ከፕሮግራሙ ይሰናበታል። ይግባኝ የለውም።»

ከሁሉ አስቀድመው ያጨበጨቡት ኃላፊው ናቸው። እያጨበጨቡም አጠገባቸው የተቀመጠውን ፋርማሲስት በጎን አዩት። የፋርማሲስቱ ልጅ ከእሳቸው ልጅ ጋር አንድ ክፍል ናት፤ ሁለቱ ልጆች አብረው ነው የሚያጠኑት። ፋርማሲስቱ ደግሞ ልጁን «በማገዝ» የታወቀ ነው። ምስኪን፣ ይቺ ማስጠንቀቂያ ለእሱ ናት አሉ በልባቸው።

እቤት እንደገቡ ወደ ሥራ ተገባ። ልጅቱ ለማኅበረሰብ አገልግሎት የሰፈሩን ቤተ መጻሕፍት አጥር ለመቀባት ተመድባ ነበር። ኃላፊው የጊዜ አጠቃቀሙን ካጠኑ በኋላ፣ «አንቺ አጥኚ፣ አጥሩን ለእኔ ተዪው» አሏት። ቅዳሜን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተገትረው ቀቡት። በደንቡ መሠረት አገልግሎቱን የሰጠ ሰው «ከዚህ ሥራ ስለ ራስህ ምን ተማርክ?» ለሚል ጥያቄ መልስ መስጠት አለበት። ኃላፊው ብዙ አሰቡበትና፣ «ወገቤ እንደ ድሮው አለመሆኑን» ብለው በልጅቱ ቅጽ ላይ ጻፉ። በዚያ ዕድሜ ላይ ላለች ልጅ ጥልቅ ግንዛቤ ነው።

ልጅቱ በማግስቱ ብሩሽዋን ይዛ ሄደችና ያንኑ አጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደገና ቀባችው። በከተማው ውስጥ በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ የተቀባ አጥር ይኸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ኃላፊው ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ሁለተኛ ቀለም ሁልጊዜም ይመከራል።

ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ ተሻገሩ፤ ወደ ጥናቱ። ኮሚቴው፣ ማለትም ኃላፊው፣ ርዕሱን መረጠ፦ «በአውቶቡስ ፌርማታ የሚጠብቅ ሕዝብ የትዕግሥት መጠን»። ከሥራ ሲወጡ ፌርማታው ጥግ ይቆሙና ማን ስንት ጊዜ አንገቱን አስግጎ መንገዱን እንዳየ ይመዘግባሉ። አንድ ሁለቴ ሌባ መስለው ተጠርጥረዋል። ለሳይንስ ሲሉ ቻሉት።

«አባዬ» አለች ልጅቱ አንድ ቀን እራት ላይ፣ «እኔ እኮ ይኼን ባስገባ እባረራለሁ። አስተባባሪዋ ስትናገር አብረን ነው የሰማነው።»

«ማን ጻፍኩልሽ አለሽ? እያገዝኩሽ ነው።»

«ሃያ ገጽ ደርሰሃል።»

«ሃያ አንድ። እናቴ፣ አንቺ አትጨነቂ። በመጨረሻ አንዴ ታነቢዋለሽ፣ ያንቺ ሆነ ማለት ነው።»

ልጅቱ እናቷን አየቻት። እናትየዋ ትከሻዋን ሰበቀች። ሃያ ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው ታውቀዋለች፤ እሱን ማስተው ማለት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ልጅቱ እጇን አወጣች።

«አንድ ጥያቄ አለኝ አባዬ። ለትምህርት ቤት እዚሁ ቤታችን ውስጥ ትንሽ ምልከታ ማድረግ እፈልጋለሁ። ያው እንዴት እንደምንኖር፣ ምን እንደምንነጋገር። ባይህና ብጽፈው ቅር ይልሃል?»

ኃላፊው ከፌርማታው ወረቀት ላይ ቀና ሳይሉ፣ «ተቃውሞ ያለው?» አሉ።

«የለም» አለች ጸሐፊዋ። በዚያ ቀን አላንጎላጀችም ነበር።

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ወደሚቀጥለው አጀንዳ።»

ኃላፊው በመሥሪያ ቤታቸውም ሥራ የሚያሳልጡት በዚሁ መንገድ ነው።

ጊዜው ደርሶ የጥናት ማቅረቢያው ቀን መጣ። ኃላፊው ሥራ ቦታቸው ላይ «ዛሬ ፈተና አለብን» ብለው ፈቃድ ወጡ። አዲሱን ከረባታቸውን አስረው ከፊት ወንበር ተሰየሙ፤ በቀኛቸው ባለቤታቸው፣ በግራቸው ፋርማሲስቱ። የፌርማታውን ጥናት ከነማጠቃለያው ለልጅቱ ሰጥተዋታል። በቃላቸው ስለያዙት፣ ወደ መድረኩ ስትወጣ ከንፈራቸው ከወዲሁ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«የጥናቴ ርዕስ» አለች ልጅቱ፣ «የወላጅ እገዛ በልጅ ተነሳሽነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ፤ በአንድ ቤት ውስጥ የተደረገ ምልከታ።»

የኃላፊው ከንፈር ቀጥ አለ። ፌርማታው የት ገባ? ያ ሁሉ ብርድ፣ ያ ሁሉ ግልምጫ? ሆድ ባሳቸው። ወደ ባለቤታቸው ዞሩ፤ እሷ ፊት ለፊት ብቻ ነው የምታየው።

ልጅቱ ቀጠለች። የምታጠናው አባት፣ አለች፣ ልጁ ስትፈተን «ፈተና አለብን» ይላል። ልጁ ጥያቄ ስትጠየቅ እሱ ይመልሳል። ልጁ ሲያስነጥሳት መድኃኒቱን የሚውጠው እሱ ነው ማለት ይቀላል። ከአዳራሹ ሳቅ ተሰማ። ኃላፊውም ፈገግ አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ያውቃሉ፤ ግራቸው በኩል ተቀምጧል። ልጃቸው እነሱ ቤት ለማጥናት ስትመላለስ ለካ ይህን ሁሉ ስትታዘብ ነበር! ቅሬታቸው በአንድ ጊዜ ለቀቃቸው። የማን ልጅ ናት!

«ያገኘሁት ውጤት ይኼ ነው» አለች። «አባትየው ባገዘ ቁጥር የልጁ ሥራ እጥፍ ይሆናል። አንዴ የራሷን ሥራ ትሠራለች፤ አንዴ ደግሞ እሱ የሠራውን እንዳይታይ ታደርጋለች። አባቷ እንዳይከፋውም ትጠነቀቃለች፤ ይኼ ነው በጣም የሚያደክማት።»

አዳራሹ ውስጥ ያለ ወላጅ ሁሉ ጎረቤቱን እያየ ሳቀ። ከሁሉ በላይ ከት ብለው የሳቁት ኃላፊው ናቸው፤ እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ፋርማሲስቱ ግን አልሳቀም፤ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ኃላፊው አዘኑለት።

«የምታጠኚው ሰው ፈቅዶልሻል?» አለች አስተባባሪዋ።

«አዎ። በስብሰባ ጸድቋል።»

ኃላፊው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። አሠራር ማለት ይኼ ነው።

ጥያቄ ያለው ሲባል ኃላፊው ብድግ አሉ። ከረባታቸውን አስተካከሉ።

«በመጀመሪያ ለአጥኚዋ ያለኝን አክብሮት እገልጻለሁ። ሆኖም ችግርን ማሳየት ብቻውን በቂ አይደለም፤ የመፍትሔ አቅጣጫም መቀመጥ አለበት። ለመሆኑ ለእንዲህ ዓይነቱ አባት ምን ትመክሪዋለሽ?»

ልጅቱ ከወረቀቷ ቀና ብላ አየቻቸው። ድምፅዋ ሲወጣ ቀጭን ነበር።

«ቁጭ ቢል ጥሩ ነው።»

«ጥሩ። ቁጭ አለ እንበል። ከዚያስ?»

«አልተቀመጠም እኮ፣ አባዬ።»

ኃላፊው ዙሪያቸውን ቃኙ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የቆሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። ባለቤታቸው የኮታቸውን ጫፍ ይዛ ቀስ እያለች ወደ ታች ትስባለች። ፋርማሲስቱ በርግጎ ቀና አለና፣ «እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለ፤ «እኔ እኮ ልጄ ነግራት ስለ እኔ የምታወራ መስሎኝ መሬት ልገባ ነበር!»

ኃላፊው ገና እንደቆሙ ናቸው። ፊታቸው ጋለ። ልጃቸው መድረኩ ላይ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች፤ እንባዋ ሊመጣ ነው። ይህን ሲያዩ የራሳቸውን ኀፍረት ረሱት።

«የጥናቱ ውጤት ትክክል ስለመሆኑ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ያገዛት ሰው የለም። ቢያግዛትማ ኖሮ እንዲህ አያምርም ነበር።»

ከዚያም ተቀመጡ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አስተባባሪዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ የሆነ ነገር ጻፈች።

ሲወጡ ሦስቱም ፌርማታው ላይ ቆሙ፤ ያው የትዕግሥት ጥናት የተካሄደበት ፌርማታ ነው። ልጅቱ ክንዳቸውን ይዛለች።

«ተቀየምከኝ አባዬ?»

«ኧረ የለም! በጣም ነው የኮራሁት።» ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። «ስንት የምናመጣ ይመስልሻል?»

«አባዬ!»

«እሺ፣ እሺ። ስንት የምታመጪ ይመስልሻል?»

«ውጤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

አውቶቡሱ ዘገየ። ሰዉ ሁሉ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። ኃላፊው ብቻ አንገታቸውን አስግገው መንገዱን አዩ፤ ደግመው አዩ፤ ሰዓታቸውን አዩ፤ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንድ ነገር ብቻ። ለወደፊቱ ነው፣ ለእገዛ አይደለም። ያ መደምደሚያሽ ላይ ትንሽ ነገር ብንጨምርበት…»

ነርሷ ከፌርማታው አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አነሳችና በእጇ ቦታውን መታ መታ አደረገችው።

«ና» አለች፣ «ቁጭ በል።»