ሰጋቱራ የሚያሸቱት እትዬ ደርቋል

ቀኝ እጃቸውን እስከ ክርናቸው የሰጋቱራው ጆንያ ውስጥ ይሰዳሉ። ከላይ ያለውን አይነኩም፤ ከላይ ያለው ሁሌም ደህና ነው። ከታች አንድ እፍኝ ይዘግኑና ጭምቅ አድርገው ቀስ ብለው ጣታቸውን ይከፍታሉ። እንደተጨመቀ ተጣብቆ ከቀረ ወደ ጆንያው ይመለሳል። ከተበተነ ያሸቱታል። ጠረኑ ካልከበዳቸው በሁለት መዳፋቸው ፈተግ ፈተግ አድርገው አቧራው ሲቦን ለማየት ወደ መስኮቱ ያነሱታል። መጨረሻ ላይ ጉንጫቸውን ያስነኩታል። ይህ ሁሉ ሲሆን አናጢው መላጊያውን እንደያዘ ቆሞ ፍርዱን ይጠብቃል።

«ደርቋል፣ እትዬ» ይላል።

«ደርቋል ያለው ማነው?»

ሌላው ሰው «ይሁን» ብሎ ያለፈውን ነገር «አይሆንም» ብሎ የሚመልስ አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ታጥቦ የቀረበለትን ብርጭቆ እንደገና ያጥባል፤ የተቆለፈ በር ሄዶ ይነቀንቃል። ለአናጢው ሰፈር የደረሱት ክብርት እትዬ ደርቋል ናቸው። እናት አባት ያወጡላቸው ስም አለ፤ ከመታወቂያቸው ሌላ የሚገኝበት ቦታ የለም እንጂ።

ክብርት እትዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው ጡረታ ወጡ። እጃቸው ግን ጡረታውን አልሰማም። ጓሯቸው ውስጥ ስድሳ ጫጩት ያሳድጋሉ፤ «እንግዶቼ» ነው የሚሏቸው። የሰጋቱራውን ጉዝጓዝ አራት ጣት ከፍታ አንጥፈው ጥግ ጥጉን በመዳፋቸው ጠቅጠቅ ያደርጋሉ፣ ልክ እንደ አንሶላ። መጠጫው ሥር የረጠበውን በየጠዋቱ ዝቀው ያወጣሉ።

በራሳቸው ጓሮ ቢወሰኑ ማን ይጠላቸው ነበር። ጎረቤታቸው መምህሩ ለጫጩቶቹ ጋዜጣ አንጥፎ አገኙትና «ጫጩት ጋዜጣ አያነብም፣ ይንሸራተትበታል እንጂ። እግሩ አንዴ ከተበረገደ ማን ያቆምለታል?» ብለው በቆሙበት ጋዜጣውን አስነሱት። ክትባት ሊሰጥ የመጣውን የእንስሳት ሐኪም እንኳ አልማሩትም። ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ «ሽታ የለውም፣ ጥሩ ነው» ቢል፣ «አንተ ዘንድ የለም። አፍንጫህን የእነሱ አፍንጫ ካለበት አውርደው» አሉት። ተንበርክኮ አሸተተ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሲነሳ መስኮት ይከፈት ብሎ አዘዘ።

አናጢው ጋ ሲመጡ ደግሞ ምርመራው ከጆንያው አልፎ እስከ እንጨቱ የዘር ሐረግ ድረስ ይሄዳል። ምን እንጨት ነው? ቀለም ነክቶታል? የምስጥ መድኃኒት ተቀብቷል?

«እትዬ፣ ለጫጩት ነው የሚፈልጉት ወይስ ልጅዎን ሊድሩለት ነው?» አላቸው አንድ ቀን።

«ለልጄ እንኳ ይህን ያህል አልጠየቅሁም። ልጄ ካልተመቻት ተነስታ ትሄዳለች። ጫጩት የት ትሄዳለች?»

እንዲህ እንዲህ እያለ ከረመና የአናጢው ሚስት ከምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀነሰች። አርባ ጫጩት ገዛች። «ይሄ ካልሆነልኝ እህቴ ያለችበት ከተማ ሄጄ ሥራ እፈልጋለሁ» አለች፣ ዓይኑን ሳታይ። እህቷ ዘንድ ለመድረስ በአውቶቡስ አንድ ቀን ይፈጃል። አናጢው ወንፊት ፈልጎ አመጣና ከመጋዙ ሥር የወደቀውን ሰጋቱራ ዱቄት እስኪመስል ነፍቶ ለጫጩቶቹ አነጠፈላቸው። ለአራስ ነገር ልስላሴ ነው የሚሻለው ብሎ አሰበ። እትዬን አልጠየቃቸውም። የሰጋቱራው ጌታ እሱ አይደለም እንዴ?

በሦስተኛው ቀን ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ጣሉ። መኖው እንደተሰጠ ነው፤ አንገታቸው ሥር ያለው የምግብ ከረጢት ግን ተወጥሯል። ሁለቱ ሞቱ። ሚስቱ አልጋ ሥር የኖረውን ሻንጣ ጎትታ አወጣችው። ልብስ አልከተተችበትም፤ አቧራውን ብቻ ጠረገችው። አናጢው ይህን አይቶ መላጊያውን አስቀመጠና ወደ እትዬ ደርቋል ቤት ሄደ።

እትዬ መጥተው ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። እጃቸውን ጉዝጓዙ ውስጥ ሰደዱ።

«ይሄን ማን ነፋው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ልስላሴ መስሎኝ ነው፣ እትዬ።»

«እነሱ ደግሞ መኖ መሰላቸው። ተመሳሰላችሁ።»

ከዚያ ወዲያ ስድብ አልጨመሩም። ያን ሁሉ ዱቄት አስጠርገው ወለሉን አስወልውለው አደረቁ። ከመላጊያ የሚወጣውን የተጠቀለለ ፍቅፋቂ አነጠፉና፣ መኖና እንጨት እስኪለዩ ድረስ ብለው በላዩ ሻካራ ጨርቅ ዘረጉበት። መጠጫውን እንዳይደፋ ጡብ ላይ ሰቀሉት። «አንቺ ልጄ፣ እንባሽን ወዲያ። እርጥበት ነው» አሏት ሚስቱን። ሳትወድ ሳቀች። አራት ቀን ጠዋት ማታ እየተመላለሱ ጨርቁን ቀየሩ። በአምስተኛው ቀን ሠላሳ ስምንቱም መኖው ላይ ተጋፉ።

ሻንጣው አልጋ ሥር አልተመለሰም። ክዳኑ በደንብ ስለሚገጥም የደረቀ ፍቅፋቂ ማስቀመጫ ሆኗል። ክብርት እትዬ ከፍተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱ፣ ጨመቁ፣ አሸተቱ፣ ጉንጫቸውን አስነኩ።

«ደርቋል» አሉ።

አናጢው ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ያለ ጥያቄ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። አሁን በአናጢው ሱቅ ጥግ ላይ ከእትዬ በቀር ማንም የማይነካው አንድ ጆንያ ፍቅፋቂ አለ። በኤሌክትሪክ ማሽን አንድ አፍታ የሚያልቀውን ጣውላ በእጅ ሲልግ የሚያዩት ደንበኞች ምክንያቱን ይጠይቁታል። ምላጩ እንዳይዝግ ነው ይላቸዋል። በየሳምንቱ ይዝጋል መሰለኝ።

እትዬ ስለ እሳቸው እንደሚጻፍ ሲነገራቸው አልከለከሉም። አንባቢን ግን አንድ ነገር ለመኑ፦ «ጫጩት ያለበት ቤት ስትገቡ ‹ሲያምሩ› ከማለታችሁ በፊት እባካችሁ ጎንበስ በሉና እጃችሁን መጠጫው ሥር ስደዱ። ከረጠበ ለባለቤቱ ንገሩት። ይቆጣችኋል፤ ይቆጣ። ስትወጡ ጠብቆ ይቀይረዋል።»