ፈረሱ ማን ነው?

ሐበሻ ልቦለድ አያነብም... እንደ ህልም ይፈታል እንጂ። «መብራት ጠፋ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥመን ሻማ የሚፈልገውን ገጸ ባሕርይ ትተን መብራቱን ያጠፋውን መንግሥት ነው የምናስሰው። እናንተም እንደዚያው ናችሁ፤ አትካዱ።

ልጄ ሶስና አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ስለ አንድ ልጅና ስለ ፈረሱ የሚተርክ የልጆች ልቦለድ አንብባ መቼቱን፣ ግጭቱን፣ ተምሳሌቱንና ጭብጡን እንድትጽፍ ቲቸሯ ሆምወርክ ሰጠቻት። ጥሩ ካመጣች የልብ ጓደኛዋ ወዳለችበት ከፍተኛ የንባብ ክፍል ትዛወራለች። ሳምንቱን ሙሉ ወሬዋ ይኸው ነበር። እኔም መጽሐፉን ሳልገልጥ «ለዚህ ለዚህማ አባትሽ አለልሽ» አልኳት።

ቅዳሜ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ጎዳና በስንት መከራ ፓርክ አድርጌ፣ ዘወትር ከምንሰበሰብበት ምግብ ቤት ይዣት ገባሁ። ጋሼ መኮንን ተቀምጠዋል። በወጣትነታቸው ግጥማቸውን ሳንሱር ሲቆራርጥባቸው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ የምግብ ዝርዝር ሲያነቡ እንኳ የተደበቀ መልእክት ይፈልጋሉ።

«ፈረሱ ምን ዓይነት ነው?» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ።

«ያነክሳል» አለች ሶስና። «ልጁ በጣም ይወደዋል። አባቱ ግን ሊሸጠው ነው።»

«በቃ፣ ፈረሱ ሕዝቡ ነው። አባትየው መንግሥት።»

«ልጁስ፣ ጋሼ?» አልኩ።

«ተቃዋሚው ነዋ። እወደዋለሁ ከማለት በቀር የሚሠራው የለም።»

«ኖ... ፈረሱ እኮ ሪሊ ፈረስ ነው» አለች ሶስና። «ጋሼ፣ አንተ አንብበኸዋል?»

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። እኔ ግን የተቆጣኋት አንቱ ስላላለቻቸው ነው።

ከጎናችን የነበሩ ሁለት ሰዎች ወንበራቸውን አስጠጉ። አንዱ የሚያነክሰው የትኛው እግሩ እንደሆነ ጠየቀና መልሱን ሳይጠብቅ ፓርቲ ሰየመለት። ጋሼ ልጓሙን ሕገ መንግሥት፣ ጋጣውን ፓርላማ አደረጉት። እኔ እርሳሱን ከልጄ እጅ ወስጄ የሚባለውን ሁሉ ጻፍኩ። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው... አራት ጎልማሳ ያላነበበውን መጽሐፍ ሽምጥ ጋለበው። ሶስና ሳምቡሳዋን መቁረስ ያዘች።

ሐሙስ ወረቀቱ ተመለሰ። ቲቸሯ ከታች በቀይ «መጽሐፉ ውስጥ ፓርላማ የለም። ይህን ማን ጻፈው? ሶስና ሰኞ ራሷ ሠርታ ታምጣ» ብላለች። ልጄ ክፍሉ የቀረባት መስሏት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ኩምሽሽ አልኩ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ሳደርሳት አዲሱን ወረቀት ተቀብዬ አየሁት። «ግጭት» በሚለው ሥር «ልጁ ደጋግሞ ይናገራል። አባቱ ሁሉን የሚያውቅ ስለሚመስለው አይሰማም» ብላ ጽፋለች።

«ይሄ... የመጽሐፉ ነው?» አልኳት።

«አንብበው፣ ዳዲ» አለችኝና ከመኪናው ወረደች።

አነበብኩት። እሷም ክፍሉን አገኘች። ቅዳሜ ጋሼ መኮንን ገና ሳልቀመጥ ጠየቁኝ፦ «የፈረሱ መጨረሻ ምን ሆነ?»

«አልተሸጠም። አባትየው በመጨረሻ ቁጭ ብሎ ልጁን ሰማውና ጥፋቱን አመነ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«በል ተወው» አሉ፤ «እንዲህማ ከሆነ እውነትም የልጆች መጽሐፍ ነው።»