የሰፈሩ ዘጠኝ ሰዓት

እናንተ ስትጾሙ ሰዓት ታያላችሁ? እኔ አላይም። ለምን እንደማላይ ልንገራችሁ፤ ብቻ ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ያልተነፈስኩት ጉዳይ ስለሆነ አንገቴን ደፍቼ ነው የምጽፈው።

አስተማሪ ሆኜ መካነ ሰላም የገባሁ ዓመት ወንድሜ ከጅዳ የእጅ ሰዓት ላከልኝ። ያኔ ሞባይል የሚባል ነገር እኛ ዘንድ አልደረሰም። በሰፈራችን ሴቶች መካከል ሰዓት ያሰርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ታዲያ እህል የሚቀመሰው በዘጠኝ ሰዓት ነው አይደል? እንግዲያስ የሰፈሩ ዘጠኝ ሰዓት ማን ሆነ? እኔ!

“አንቺ አስተማሪ፣ ደረሰ እንዴ?” ይሉኛል ጎረቤቴ እማማ ያልጋነሽ በአጥሩ በኩል። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከዘጠኝ በፊት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። የነፍስ አባቴ አባ ወልዴም ሳይቀሩ በደጄ ሲያልፉ የኪስ ሰዓታቸውን ከእኔው ጋር እያስተያዩ ያስተካክሉ ነበር።

እኔ ደግሞ ረኃብ አልችልም። እሑድ እሑድ ሕፃናት ሰብስቤ ለእግዚአብሔር ስለ መታዘዝ አስተምራለሁ፤ አብርሃም እንዴት እንደታዘዘ፣ ዮናስ እንዴት እምቢ እንዳለ። ሠላሳ ሕፃን ዝም አሰኛለሁ። ሰኞ በስድስት ሰዓት የሚጮኸውን የገዛ ሆዴን ግን ዝም ማሰኘት አቃተኝ።

አንድ ረቡዕ ሽሮው ተንተክትኮ ሽታው ቤቱን ሞላው። ከዘጠኝ በፊት ልብላ? ያማ ኃጢአት ነው! ስለዚህ ሰዓቱን አርባ ደቂቃ አስቀደምኩትና ዘጠኝ እስኪል ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ታዛዥ ነኛ!

የመጀመሪያዋን ጉርሻ እንደጎረስኩ “ደረሰ እንዴ?” አሉ እማማ። ምን ልበል? አፌ ሞልቷል። ራሴን ነቀነቅኩ። በዚያች በአንዲት ንቅናቄ የሰፈሩ ክርስቲያን በሙሉ እጁን ታጠበ።

ለምን አልመለስሽውም ትሉኝ ይሆናል። ሞክሬያለሁ እኮ! በየቀኑ አሥር አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ብመልሰው፣ በሦስተኛው ቀን እማማ “ቀኑ እየረዘመ ሄደ፤ ዓለም ልታልፍ ነው መሰለኝ” ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ደንግጬ መልሼ አስቀደምኩት።

አንዴማ ልጋለጥ ነበር። ከሪያድ የተመለሰችው ጎረቤታችን ዘይነብ መጥታ፣ “ወላሂ ምን ሆናችኋል? በፊት የከሰዓቱ አዛን ሲል ገና ማዕድ ላይ ነበራችሁ፤ አሁን ዕቃ አጥባችሁ ጨርሳችሁ ነው የሚለው” አለችን። ላብ አጠመቀኝ። እማማ ግን ተቆጡ። ሼኹን እንቅልፍ ይዟቸው ይሆናል እንጂ የአስተማሪዋ ሰዓት አይሳሳትም አሉ። ዘይነብ እኔን አየችኝ። “አብሽሪ” አለችኝና ሳቋን ዋጠች።

እንዲህ እያልኩ ስድስት ዐቢይ ጾም አሳለፍኩ። የማይቻለው ምርቃቱ ነበር። “ጾሜን በሰዓቱ የምታስፈቺኝ፣ እግዜር ያክብርሽ!” ይሉኛል እማማ በየቀኑ። አስቡት፤ የአሮጊት ጾም ሸርፌ እየበላሁ፣ በላዩ ላይ ምርቃት እቀበላለሁ! እሳቸውን ከነጾማቸው ገደል ከትቻቸው ቢሆንስ? በሰባተኛው ዓመት አልቻልኩም። ሰዓቱን አስተካከልኩና አባ ወልዴ ቤት ሄጄ፣ ተንበርክኬ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

አባ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። የእማማ ጾም የሚመዘነው በእማማ ልብ ነው፤ በአንቺ ሰዓት አይበላሽም አሉኝ። እፎይ አልኩ። ለእኔ አርባ ስግደት አዘዙልኝ፤ ለአንድ ደቂቃ አንድ ስግደት መሆኑ ነው። በመስቀላቸው ባረኩኝ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው የኪስ ሰዓታቸውን አወጡ። ልክ ዘጠኝ ይላል። አጠገባቸው ያለውን አገልግል መክፈት ጀምረው ድንገት ቆም አሉ።

“ያንቺ አሁን ስንት ይላል?” አሉኝ ቀስ ብለው።

“ስምንት ከሃያ፣ አባ።”

አገልግሉን አዩት። እኔን አዩኝ። መልሰው ከደኑት።

“አይ ልጄ፣” አሉኝ፣ “ስድስት ዓመት ሳትናገሪ ከቻልሽው፣ አርባ ደቂቃ ብትጨምሪበት ምን ነበረበት?”