በሆዴ ተኝቼ ኦቦ ጂሎን ሰላም ያልኩ ዕለት

ወገኖቼ፣ ቪዲዮው ሁላችሁም ጋ ከመድረሱ በፊት ታሪኩን ከእኔው ስሙት።

ጭቃው ውስጥ ያለው ሰውዬ እኔ ነኝ።

ሄልሜቱ ወደ ጎን የዞረበትም እኔው። ፍየሏ ጀርባው ላይ የወጣችበትም እኔው። "ኧረ ይሄ ሰው ማነው?" እያላችሁ ኮሜንት የምትጽፉ የነገሌ ልጆች፣ የቤታችሁን በር ማን ነው የበየደላችሁ? አታስመስሉ፣ በደንብ ታውቁኛላችሁ።

በሉ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔ በያጅ ነኝ። ነገሌ ቦረና ከገበያው ጀርባ በር፣ መስኮትና የውሃ ታንከር ማስቀመጫ እሠራለሁ። አንዷ ደንበኛዬ ኢልዜ ትባላለች። ጀርመን ናት፣ እዚህ የውሃ ጉድጓድ በሚያስቆፍር ፕሮጀክት ውስጥ ነው የምትሠራው። ብዙ ስለቆየች አማርኛዋ እንደ እኛው የነገሌ ሆኗል። በ"አካም" ትጀምራለች፣ መሃል ላይ አማርኛ ትሆናለች፣ ስትናደድ ኦሮምኛ ላይ ትጨርሳለች።

ከውሃው ሥራ በፊት ምን እንደነበረች ታውቃላችሁ?

የስኬሌተን ተወዳዳሪ!

ምንድነው አትሉም? እኔም ብያለሁ። በረዶ በተጋገረበት ጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ፣ ትንሽ ብረት ላይ በሆድ ተኝቶ፣ ጭንቅላትን አስቀድሞ ቁልቁል መወርወር ነው። ፍሬን የለውም። መሪም የለውም፣ በትከሻና በጉልበት ጫን እያሉ ነው የሚያጥፉት። ኢልዜ ወጣትነቷን የጨረሰችው በዚህ ነገር ለሀገሯ ስትወዳደር ነው።

ስልኳ ላይ ቪዲዮውን አሳየችኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው?

"ተኝቶ መውረድ ደግሞ ምን ስፖርት ነው? እኔ እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ እተኛ የለ እንዴ?"

ይህን አፌን ያኔውኑ መበየድ ነበረብኝ።

ኢልዜ አልተቀየመችም። ሳቀችና ጠመኔ አንስታ ወለሉ ላይ ሳለችልኝ። አካሉ ከቱቦላሬ፣ መተኛው ከላሜራ፣ ከሥሩ ኩሽኔታ። ልጅ ሆነን በኩሽኔታ ጋሪ ቁልቁለት ስንወርድ ጉልበታችን ያልተላጠ አለን? ያው እሱ ማለት ነው፣ ልዩነቱ በዚህኛው የሚላጠው አገጭ ነው።

"ሁለት ሥራ" አለችኝ። "ከዚያ እንወዳደርና ስፖርት መሆኑን ትነግረኛለህ።"

እየበየድኩ ጠየቅኳት፣ "ለመሆኑ ሜዳሊያ አግኝተሻል?"

"አንዴ ቀርቤ ነበር።"

በትልቁ ውድድሯ እየመራች የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ደርሳለች። አባቷ ያን ቀን ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያያት የመጣው፣ እስከዚያ ድረስ ልጄ ስትሞት አላይም እያለ ይቀር ነበር አሉ። ከአጥሩ ጀርባ ስሟን ጠራት። እሷም ራሷን አነሳች። "ይህችን ታህል ብቻ" ብላ በጣቷ አሳየችኝ። ነፋሱ ግን ያዛት፣ ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ በማይበቃ ጊዜ ተበለጠች። አሰልጣኟ የውድድሩ ወራት እስኪያልፍ ድረስ አላናገራትም።

"አባትሽስ ምን አለ?"

"በእሱ ድምፅ መሆኑን አያውቅም። ነግሬው አላውቅም" አለችና ኩሽኔታውን በጣቷ አሽከረከረችው። "ስለዚህ አንተም ምንም ነገር ቢመጣ ራስህን እንዳታነሳ።"

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ያስቸግራል?

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልምጣ። ዳርሚን የማታውቁ ካላችሁ፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራዋና እኔን ያለ ትኩሳት ትኩሳት አለብኝ እያስባለች የምታመላልሰኝ ልጅ ናት። ተዋደድን። ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ኦቦ ጂሎ የታወቁ የከብት ነጋዴ ናቸው፣ ሰው በሚያከብራቸው የቦረና ሽማግሌዎች መሃል የሚቀመጡ። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ።

"ልጁን ልየው" አሉ። በቃ።

የት እንደሚያዩኝ፣ መቼ እንደሚያዩኝ የነገረኝ የለም። ከዚያ ወዲህ ገበያ ውስጥ እንኳ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው። ሰው እየታየ መኖር ይችላል? አይችልም! እኔ ግን ለዳርሚ ስል ቻልኩት።

የውድድሩን ወሬ ሻይ ቤት የነዛው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። እኔ ነኝ። ዛሬ ከሰዓት ገና መኪና ያልተለቀቀበት አዲሱ አስፋልት ቁልቁለት ግራና ቀኙ በሰው ተሞልቶ ጠበቀኝ። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ከነግመሉ ቆሟል። አንዱ ማይክራፎን ይዞ "ጀርመንና ነገሌ!" ይላል።

ስልኬ ጮኸች። ዳርሚ ናት፣ መልእክት ልካለች፦ "አባዬ ሊያይህ መጥቷል። አታዋርደኝ።"

ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከተትኩ።

እዚህ ላይ ለሩቅ ሀገር ፎሎወሮቼ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ጋ ሽማግሌን ሰላም ሳይሉ ማለፍ የለም። ሰላምታውም በአንድ ቃል አያልቅም። አካም ትባላለህ፣ እንዴት ነህ ነው፤ ናጋ ትላለህ፣ ሰላም ማለት ነው። ከዚያ የከብቱ ሰላም ይጠየቃል፣ የቤተሰቡ፣ የዝናቡ። ቸኩዬ ነው ብሎ ያቋረጠ ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል። አባቴ ከሰሜን ለመምህርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፣ እኔን ግን ያሳደገኝ ይህ ሰላምታ ነው። ያለሱ መንገድ መሄድ አልችልበትም።

ተጀመረ።

ኢልዜ ገፋች፣ ሮጠች፣ ዘላ ተኛችበት። አንዲት ድምፅ እንኳ አላሰማችም። እኔ ገፋሁ፣ ሮጥኩ፣ ዘልዬ በደረቴ ወደቅሁበትና ያሰማሁትን ድምፅ ቪዲዮው ላይ ትሰሙታላችሁ።

ግን ሄደ! ወገኖቼ፣ ይሄ ነገር ይበራል! አስፋልቱ አፍንጫዬ ሥር እንደ ወንዝ ይፈሳል። ኩሽኔታው ይጮኻል፣ እኔም እጮኻለሁ። ከባድ ሰው ቁልቁለት ላይ ይፈጥናል ብላኝ ነበር፣ እውነቷን ነው። የበላሁት ሁሉ ዛሬ ጠቀመኝ። መሃል ላይ ስንደርስ ኢልዜን አለፍኳት።

አለፍኳት ነው የምላችሁ! ለሀገሯ የተወዳደረችውን!

በዚያች ቅጽበት ሠርጌ ታየኝ።

ከዚያ በቅንድቤ ሥር ከመንገዱ ዳር አንድ ከዘራ አየሁ። ከከዘራው አጠገብ ከጎማ የተሠራ ጫማ። ጫማውን አውቀዋለሁ፣ ገበያ ውስጥ ስንት ጊዜ ከርቀት ሸሽቼዋለሁ።

ኦቦ ጂሎ።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ሊያዩኝ የመጡ አማች ፊት፣ በሆዴ ተኝቼ፣ ወገቤን ወደ ሰማይ አድርጌ፣ ቃል ሳልተነፍስ ልለፍ? ጭንቅላቴ "እንዳታነሳ" ይላል። አስተዳደጌ ግን ቀደመኝ።

"አካም ኦቦ ጂሎ! ናጋ?"

ራሴን አነሳሁ። እሱ ቢበቃኝ ጥሩ ነበር። ቀኝ እጄንም ከብረቱ ላይ አንስቼ ደረቴ ላይ አደረግሁ፣ አክብሮት አይጎድልም ብዬ።

ብረቱም አክብሮ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

ከዚያ በኋላ ሰማዩን አየሁ፣ አስፋልቱን አየሁ፣ ሰማዩን ደግሜ አየሁ። ያረፍኩት ከመንገዱ በታች ፍየሎች ውሃ የሚጠጡበት የጭቃ ኩሬ ውስጥ ነው። አንዷ ፍየል ደሴት መስዬአት ነው መሰለኝ ወጣችብኝ። ኢልዜ ራሷን ሳታነሳ በአጠገባችን ሽው ብላ አልፋ ጨረሰች።

ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። ሊያወጣኝ የመጣ ግን የለም። ለምን መሰላችሁ? ኦቦ ጂሎ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ በቀስታ እየመጡ ነበር። እሳቸውን ማን ይቀድማል?

ደረሱ። ከላይ ሆነው አዩኝ። ሰላምታው እኮ አላለቀም።

"ናጋ" አሉ። "ሎን ናጋ?" ከብቶቹ ደህና ናቸው ወይ ማለታቸው ነው። እኔ ዶሮ እንኳ የለኝም።

"ናጋ" አልኩ ከጭቃው ውስጥ።

"ወራ ናጋ?" ቤተሰቡስ ማለት ነው።

"ናጋ።"

"ዝናቡስ እንዴት ነው?"

ከሄልሜቴ ውሃው ይንጠባጠባል። "ጥሩ ጥሏል ኦቦ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ተራው ከደረሰ በኋላ ነው "አንተስ ደህና ነህ?" ያሉኝ። ከዘራቸውን ዘረጉልኝ፣ ያዝኩት፣ ጎትተው አወጡኝ። ቃል ሳይጨምሩ ሄዱ።

ማፈሬን መግለጽ አልችልም። ዳርሚ ከሕዝቡ መሃል ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች መሰለኝ፣ ልቤ ስብር አለ።

ኢልዜ ብረቷን ተሸክማ ቁልቁለቱን እየወጣች መጣች። "ለምን አነሳህ? አሸንፈኸኝ እኮ ነበር።"

"አማቴ ቆመው ነበራ!"

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ማታ ለአባቴ እደውላለሁ" አለችኝ። "የዚያን ቀኑን እነግረዋለሁ። አሁን አብረን ልንስቅበት እንችላለን።"

እኔስ? ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። በሬን ራሴ ስለሠራሁት በደንብ ይዘጋል።

አሁን ከመሸ ዳርሚ ደወለች። ስታለቅስ አልነበረም ለካ፣ ስትስቅ ነው የዋለችው።

"አባዬ ምን እንዳለ ልንገርህ? 'የዘንድሮ ልጅ በሞተር እንኳ ሲያልፈኝ ቀና አይልም። ይሄ በዚያ ፍጥነት ቀና አለ። ሽማግሌዎቹ ይመለሱ' አለ።"

ከአልጋዬ ዘለልኩ።

"ቆይ አልጨረስኩም" አለችኝ። "'ግን ሁለተኛ እዚያ ነገር ላይ እንዳይተኛ። ልጄን ፍሬን ለሌለው ሰው አልሰጥም' ብሎሃል።"

ስለዚህ ብረቱ ከነገ ጀምሮ ይፈታል፣ ኩሽኔታውን የሚፈልግ ይምጣ። ስፖርት መሆኑንም ለኢልዜ በአደባባይ አምኛለሁ፣ ወገቤ ምስክር ነው።

ጭቃው ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ፋርማሲ እንዳልሄድ እዚያ ያለችው ዳርሚ ናት፣ ገና ስታየኝ ልትስቅ ነው። ቤት ውስጥ የሚሆን ዘዴ የሚያውቅ አለ?