ጣሳ ውስጥ የገባው ስልክ

(መተማ ዮሐንስ። ሁለት ሴቶች የሱዳን ሴቶች የሚጎናጸፉትን ቶብና ሽቶ በሽርክና የሚነግዱበት ሱቅ። ሁሪያ ለሱቁ ዋይፋይ ያስገባች፣ ስለ ሁሉም ነገር ማስረዳት የምትወድ ናት። የዓለምወርቅ ስልኳን የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከትታ ክዳኑን እየገጠመች ነው።)

ሁሪያ፦ አውጪው እላለሁ። ደንበኛ ገብቶ ቢያይሽ ምን ይላል?

የዓለምወርቅ፦ «ስልኳ ጆሮ አለው» ይበል።

ሁሪያ፦ ጆሮ ቢኖረውም ያንቺን ወሬ የሚችልበት ትዕግሥት የለውም። ምን አደረገሽ?

የዓለምወርቅ፦ ሰሞኑን አንድ ነገር ብቻ ይነግረኛል። ዜና ስከፍት፣ «ሸሕዲ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ የሚከራይ ሱቅ»። መዝሙር ስከፍት ያው ሱቅ። ዝናብ ይጥል እንደሆነ ልይ ብዬ ብከፍት፣ ዝናቡን ትቶ ሱቁን። ስለ ሸሕዲ ከአፌ አንድ ቃል አልወጣም። ሐሳቤን ሰምቷል ማለት ነው።

ሁሪያ፦ ሐሳብ እንዲሰማ መጀመሪያ መኖር አለበት። (ወንበር ታስጠጋላታለች) ተቀመጪ፣ ላስረዳሽ። ሸሕዲ ላይ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው የሚቀበሉትን ደላሎች ታውቂያቸዋለሽ?

የዓለምወርቅ፦ ለእርሻ ሠራተኛ የሚያስቀጥሩትን?

ሁሪያ፦ እነሱን። ከጎጃም የመጣ ሰው ለመጀመሪያው ደላላ «ለሰሊጥ አጨዳ ነው የመጣሁት» ይለዋል። ገና ከመናኸሪያው ሳይወጣ ሌላ የማያውቀው ደላላ «ለአጨዳ ነው አይደል?» ብሎ ይይዘዋል። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። የከፈትሽው ገጽ ምልክት ያደርግብሻል፤ ምልክቱን ለአስተዋዋቂ ይሸጠዋል፤ አስተዋዋቂውም ለባልደረቦቹ ያካፍላል። ከዚያ በምትሄጂበት ሁሉ ቀድመው ይጠብቁሻል።

የዓለምወርቅ፦ ሰውየው እኮ ራሱ ተናግሯል። እኔ ለማን ተናገርኩ?

ሁሪያ፦ ሱቅ ፈልገሻላ።

የዓለምወርቅ፦ አልፈለግኩም።

ሁሪያ፦ አንቺ ባትፈልጊ በአንድ ዋይፋይ አብሮሽ የሚጠቀም ሰው ፈልጓል። ደላላው ከአንድ መኪና የወረዱትን ሁሉ እንደ ጓደኛሞች ነው የሚቆጥራቸው፤ አንዱ አጨዳ ካለ፣ ዝም ላለውም አጨዳ ያቀርብለታል።

የዓለምወርቅ፦ የእኛን ዋይፋይ ስንት ሰው ይጠቀምበታል?

ሁሪያ፦ የይለፍ ቃሉን ለማን እሰጣለሁ? አንቺ አለሽ፣ ከዚያ ደግሞ... (ወደ ቶቦቹ ዞር ትላለች።)

የዓለምወርቅ፦ ቀጥዪ እንጂ። በደንብ እያስረዳሽኝ ነበር።

ሁሪያ፦ (የታጠፈ ቶብ ዘርግታ እንደገና እያጠፈች) የኪራዩን ዋጋ ለማወቅ ያህል ነው ያየሁት።

የዓለምወርቅ፦ ብቻሽን ልትሄጂ ነበር?

ሁሪያ፦ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ቤቱን ከያዝኩ በኋላ። አሁንማ ምን ያደርጋል፣ ትናንት ስደውል ባለቤቱ «አንዲት ሴት ቀድማሻለች» አለኝ።

የዓለምወርቅ፦ አውቃለሁ።

ሁሪያ፦ ከየት አወቅሽ?

የዓለምወርቅ፦ ስልኩ እንደዚያ ሲወተውተኝ ዕድሌን የሚጠቁመኝ መስሎኝ ነበር። ማክሰኞ «እናቴን ልጠይቅ» ብዬሽ የሄድኩ ዕለት ቀብድ ከፍዬ ያዝኩት።

ሁሪያ፦ እኔን ሳትነግሪኝ?

የዓለምወርቅ፦ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ዕቃ ካስገባሁ በኋላ። ስልኩን ጣሳ ውስጥ የከተትኩት ለምን መሰለሽ? ሐሳቤን ከሰማ ላንቺም ያወራል ብዬ ፈርቼ ነው። ለካ የሚያወራው የአንቺን ነበር።

ሁሪያ፦ (ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ) ቤቱ ለሁለት ይበቃል?

የዓለምወርቅ፦ (ጣሳውን ብብቷ ሥር ይዛ ትነሣለች) ይበቃል። ግን አንድ ወንበር ልግዛ ወይስ ሁለት፣ ገና አልወሰንኩም። ከሰዓት በኋላ ወንበሩን በዋይፋይሽ እፈልጋለሁ። መልሱን ከስልክሽ ጠብቂው።

(የዓለምወርቅ ትወጣለች። ሁሪያ ስልኳን አውጥታ በሻሿ ጫፍ ትወለውለዋለች። ደንበኛ ገብቶ ዋጋ ይጠይቃል፤ ሁሪያ ከስልኩ ላይ ቀና አትልም።)